ቀኝ እግሬን አመመኝ ብል በግራ ብሽሽቴ ገቡ

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ባና የሚሸጥ ሰው «በረደኝ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? «የራሱ ጉዳይ!» ነው የምትሉት። እኔም ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነው። ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና እስከ ጣሪያ በተከመረበት ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ለመንዝ ሰው ሙቀት እየቸረቸርኩ፣ የገዛ ቀኝ እግሬ ግን ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ባለቤቴ ደብሪቱ መኝታ ላይ ሳታስበው ከነካችው «በስመ አብ!» ብላ ግድግዳው ላይ ትለጠፋለች። ባና ደረብኩበት። ሌላ ባና ደረብኩበት። እግሬ ከነባናው በረደ።

ብርዱን ተውት፤ መንዝ ተወልዶ ብርድ የሚያማርር ሰው አይከበርም። መከራው መራመዱ ላይ ነው። ከቤቴ ወደ ገበያው የምትወስድ አንዲት አቀበት አለች። እሷ ላይ ጥቂት እንደተራመድኩ ባቴን አንድ ነገር እንደ ጉጠት ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል። ስቆም ይለቀኛል። ስሄድ ይይዘኛል። በየመንገዱ እንደ ደከመ አህያ መቆም ደግሞ ያሳፍራል። ስለዚህ በቆምኩበት ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ሰላም ማለት ጀመርኩ። ሰላምታ ብቻ መሰላችሁ? ባቴ እስኪለቀኝ ድረስ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ላሙ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ አማቱ ወገብ ሳይቀር እጠይቃለሁ። ሰው ካጣሁ የሰው አጥር ቆሜ አደንቃለሁ። እንዲህ እንዲህ ስል «ትሑት፣ ሰው አክባሪ» የሚል ስም ወጣልኝ። የተጣሉ ባልና ሚስት ሳይቀሩ «እሱ ይሸምግለን፣ መንገደኛ እንኳ ሳይጠይቅ አያልፍም» ብለው ቤቴ ድረስ መጡ። ደም ሥሬ በተዘጋ ቁጥር ክብሬ እየተከፈተ ሄደ ማለት ነው።

ክብሬን ይዤ እቀጥል ነበር፤ አውራ ጣቴ ግን እምቢ አለች። አዲስ ጫማ ላጣት፣ ትንሽ ቆሰለች፣ ከዚያ አልድንም ብላ ቁጭ። ማር ተቀባች፣ ቅቤ ተቀባች፣ ፌጦ ታሰረባት፣ ጠበል ተረጨባት። ይህ ሁሉ ተደርጎላት ጫፏ እየጠቆረ መጣ። አንድ ቀን ደብሪቱ እግሬን ስታጥብ ቆየችና ቀና ሳትል «ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን» አለች። በሌላ ቀን ቢሆን እከራከር ነበር። ድምጿን ስሰማ ግን «እሺ» አልኩ።

በማግስቱ ያየን ወጣት ሐኪም የእግሬን ጀርባ በጣቱ ጫን፣ ቁርጭምጭሚቴን ከኋላ ጫን፣ ደግሞ ወደ ጉልበቴ ወጣ። የጠፋበትን ቁልፍ የሚፈልግ ነው የሚመስለው።

«ትርታ የለም» አለ በመጨረሻ።

«ምን ማለት ነው?» አለች ደብሪቱ። «ሞቷል?»

«እሳቸው ደህና ናቸው። እግራቸው ጋ ነው ደም በደንብ የማይደርሰው። አዲስ አበባ ሄደው አንጂዮግራም መነሣት አለባቸው።»

«ግራም?» አልኩ ደንግጬ። «ዶክተር፣ ግራውስ ደህና ነው። ያመመኝ ቀኙ ብቻ ነው።»

«ስሙ ነው አባባ! የምርመራው ስም ነው። የደም ሥርዎ ውስጥ መድኃኒት ለቀው የት ጋ እንደተዘጋ በራጅ ያዩታል።»

«አይቶ ብቻ ይመለሳል?» አለች ደብሪቱ።

«ከተቻለ እዚያው ይከፍቱታል። ካልተቻለ...» አለና እስክሪብቶውን ፈለገ። እስክሪብቶው እጁ ላይ ነበረ።

መሐል ሜዳ ላይ ወሬ ከሰው ቀድሞ ቤት ይገባል። እኛ በእግራችን፣ ያውም በኔ እግር፣ እየቆምን እየሄድን ቤታችን ስንደርስ ደጃፉ በሰው ተሞልቷል። «እግሩ ሊቆረጥ ነው» ተብሏል። አንዷ ዘመዴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ መጥታለች። «ኧረ ገና ነው» ብላት «እንግዲህ አንዴ ለብሼዋለሁ» አለችኝ።

ከሁሉ የባሰው ሃምሳ አለቃ በየነ ነው። ጎረቤቴ ነው፤ ግራ እግሩን ጦር ሜዳ ትቶ በክራንች የሚሄድ፣ ነገር ግን ሁለት እግር ካለን ሁሉ ቀድሞ ለቅሶም ሠርግም የሚደርስ ሰው። አጠገቤ ተቀመጠና እግሬን በጥሞና ተመለከተ።

«ቀኙ ነው አይደል የሚቆረጠው?»

«ሊታይ ነው እንጂ ይቆረጣል አልተባለም።»

«ቁጥርህ ስንት ነው?»

«የምን ቁጥር?»

«የጫማ!»

«አርባ ሁለት።»

ፊቱ በራ። «የኔም አርባ ሁለት! እይ እንግዲህ የፈጣሪን ሥራ! ይህን ሁሉ ዘመን ጫማ በገዛሁ ቁጥር ግራውን ስጥል ኖሬያለሁ። ከእንግዲህ አንድ ጥንድ እንገዛለን፤ ቀኙን እኔ፣ ግራውን አንተ። አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም።»

ይህን ያለው ሊያጽናናኝ ነው፤ በእግዚአብሔር ስም እላችኋለሁ፣ ሊያጽናናኝ ነው። ደብሪቱ ግን ማማሰያዋን ይዛ ተነሣችበት። በክራንች እንዴት እንደሚሮጥ ያን ቀን አየሁ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «ቡናማ ነው የምወደው!» አለ።

እንግዲህ አዲስ አበባ ገባን፤ እኔና ደብሪቱ። ሆስፒታሉ ትልቅ ነው፤ ኮሪደሩ ደግሞ ለኔ ቢጤ ባት የተሠራ አይደለም። ደጋግሜ ቆምኩ። እዚያ አገር ደግሞ ቆመህ ስለ ሰው አማት ወገብ ብትጠይቅ ጥበቃ ይጠሩብሃል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሳነብ ከረምኩ። ስለ እናቶችና ሕፃናት ክትባት የማላውቀው ነገር የለም።

የደም ሥር ስፔሻሊስቱ ልጅ እግር ነው፤ የረጋ፣ ፈገግታው የማይጠፋ።

«ሲጋራ ያጨሳሉ?» አለኝ።

«አልፎ አልፎ።»

«አልፎ አልፎ ያቆማል» አለች ደብሪቱ።

ሐኪሙ የኔን ትቶ የሷን ጻፈ። ከዚያ ነገሩን አስረዳን። «በብሽሽትዎ በኩል ቀጭን ቱቦ ደም ሥር ውስጥ እናስገባለን...»

«ይቅርታ ዶክተር፣ በምን በኩል?»

«በብሽሽት።»

ደብሪቱን አየኋት። ደብሪቱ ጣሪያውን አየች።

«ዶክተር፣ ያመመኝ አውራ ጣቴ ነው» አልኩት፣ ምናልባት ካልገባው ብዬ። «ብሽሽቴ ከዚህ ጉዳይ ውስጥ የለበትም።»

«ታችኛው ማሳ ውኃ ሲያጣ የሚታየው ላይኛው ቦይ አይደል? እንደዚያው ነው።»

የገበሬ ልጅ መሆን አለበት። በገበሬ ቋንቋ ሲመጣብኝ ብሽሽቴን ፈቀድኩ። ከዚያ የሚያስፈርመውን ወረቀት አወጣና ሊያጋጥም የሚችለውን ይዘረዝር ጀመር። «ደም ሊፈስ ይችላል። መድኃኒቱ ላይስማማዎት ይችላል። ኩላሊት ሊነካ ይችላል። ደም ሥሩ ሊጎዳ ይችላል...»

«ዶክተር» አለች ደብሪቱ፣ «በሽታው ራሱ እንኳ እንዲህ አላስፈራራንም።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ብዙውን ጊዜ ምንም አይፈጠርም፤ ግን መንገር አለብኝ። ዝም ብለን ከተውነው ደግሞ የሚሄደው ጣቱ ብቻ አይሆንም።»

ፈረምኩ። ፊርማዬ የዶሮ ጭረት መሰለ።

የተኛሁበት ክፍል ውስጥ ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የሸዋሮቢት ነጋዴ አገኘሁ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ጢማቸው በሂና ቀልቷል። ያንኑ ምርመራ ትናንት ተነሥተው ዛሬ እግራቸውን ዘርግተው ብርቱካን ይበላሉ። እንደ እመጫት በአራት ትራስ ተደግፈዋል።

«አትፍራ፣ ምንም የለውም» አሉኝ። «መጀመሪያ ይላጩሃል።»

«ጢሜን?»

«ጢምህን ምን ሊያደርጉት!»

ብርቱካኑን እያላመጡ አዩኝ። እስኪገባኝ ጠበቁ። ሲገባኝ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከዚያ ያደነዝዙሃል፤ ንብ ነው የሚመስለው። ከዚያ ቱቦ ይገባል፤ አያምም። ከዚያ መድኃኒት ይለቁብሃል፤ ሞቅ ይላል። አለቀ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው» አሉና ሌላ ብርቱካን ላጡ። ዓይናቸውን ግን ከዓይኔ አሸሹ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ ምግብ አይቀመስም ተባለ። ጾም ለመንዝ ሰው ይነገራል እንዴ? ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሆድ ነው። ግን ይህኛው ጾም ጽድቅ ስለሌለው ነው መሰል ገና ጎህ ሲቀድ ራበኝ። የሚለበስ አመጡልኝ፤ አረንጓዴ ነገር፣ ከኋላ በክር የሚታሰር፣ ክሩ ደግሞ የተበጠሰ። ከፊቱ ሲያዩት ልብስ ነው፤ ከኋላው ሜዳ ነው፤ ያውም መሐል ሜዳ።

ከዚያ መጋረጃው ተከፈተና ነርሷ ምላጭ ይዛ ገባች። ገና ልጅ ናት። «ሲስተር ጽጌ እባላለሁ፤ ለምርመራው ላዘጋጅዎት ነው» አለች። ዓይኔን ጨፍኜ የተባልኩትን ሆንኩ። ሥራዋን ጀመረች። ጥቂት ቆይታ ቀና አለችና ፊቴን አተኩራ አየችኝ።

«ጋሼ... እርስዎ የመሐል ሜዳው ባለ ባና አይደሉም?»

ምድር ብትከፈት እገባ ነበር። ግን አልጋ ላይ ነበርኩ።

«አይደለሁም» አልኩ።

«ኧረ ነዎት! ዩኒቨርሲቲ ስገባ አባቴ ከእርስዎ ነው ባና የገዛልኝ። እንዲያውም መርቀው ነው የሸኙኝ። ‹ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ› ብለውኛል!»

ይኸው በቅታለች። ምርቃቴ ደርሶ፣ ምላጭ ይዞ፣ በላዬ ላይ ቆሟል። ሰው ሲመርቅ ደግሞ ትንሽ ማሰብ አለበት።

«ልጄ» አልኳት ቀስ ብዬ፣ «ለአባትሽ እንዳትነግሪው።»

«ምኑን?»

«መተዋወቃችንን።»

ከሳቋ የተነሣ ምላጩን አስቀምጣ መውጣት ነበረባት። በግማሽ ተላጭቼ ጠበቅኳት።

ተሽከርካሪው አልጋ ሲመጣ ደብሪቱ እስከ በሩ ድረስ አብራኝ ሄደች። በመንገድ ሁሉ እጇ ብርድ ልብሱ ሥር ገብቶ ቀኝ እግሬን ይዟል። በሩ ጋ ሲደርሱ «ከዚህ አይገባም» አሏት። እግሬን አልለቀቀችም። «ደብሬ» አልኳት፣ ቀልድ ልጨምርበት አስቤ ነበር፤ ስሟን ብቻ ብዬ ቀረሁ። ለቀቀችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እግሬ ይዛው የነበረበት ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ሞቆ ነበር።

የምርመራው ክፍል ብርድ የመንዙን የጓሳን ደጋ ያስንቃል፤ እንዲህ ያለ ብርድ በመስኮት ሳይሆን በማሽን ሲመጣ ያን ቀን አየሁ። ጠባብ ጠረጴዛ ላይ በጀርባዬ አጋደሙኝ። ከላዬ ትልቅ የራጅ መሣሪያ አንገቱን ቆልምሞ እንደ አሞራ ያየኛል። ከጎኔ እንደ ቴሌቪዥን ያሉ ነገሮች ተደርድረዋል። ሐኪሙ ከባድ ሽርጥ ለብሶ ገባና በቀዝቃዛ ነገር ይቀባኝ ጀመር። የቀባው ግን ግራውን ነው። በግራ በኩል!

«ዶክተር!» አልኩ። «ቀኙ ነው! ቀኙ ነው!»

«አውቃለሁ አባባ።»

«ግራው ደህና ነው! ከመጀመሪያውም ‹ግራም› ሲሉኝ ጠርጥሬ ነበር!»

«ይረጋጉ። በግራው ገብተን፣ ሆድዎ ውስጥ ሁለቱ ደም ሥሮች የሚለያዩበት ጋ ወጥተን፣ ዞረን ወደ ቀኙ እንወርዳለን። ከላይ ሲመጡ ነው በደንብ የሚታየው።»

ነገሩን በአእምሮዬ አሄድኩት። ከመሐል ሜዳ ሸዋሮቢት የሚሄድ አውቶቡስ ጣርማበር ወጥቶ፣ መገንጠያው ላይ ታጥፎ ቁልቁል ይወርድ የለ? እንደዚያው ነው። «እሺ» አልኩ፣ «ብቻ መገንጠያው ላይ ረዳቱ እንዳይተኛ።» ሐኪሙ ምን እንዳልኩ አልገባውም። ሲስተር ጽጌ ግን ገባት፤ ጭንብሏ ሥር ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ማደንዘዣው እውነትም ንብ ነው፤ ንቧ ግን የተቆጣች ናት። ከዚያ በኋላ መገፋት መገፋት ብቻ ተሰማኝ። ቱቦው ውስጤ ሲሄድ ምንም አይታወቀኝም። «ሐጂ እውነታቸውን ነው» ማለት ጀመርኩ።

«አሁን መድኃኒቱን ልንለቅ ነው» አለ ሐኪሙ። «ትንሽ ይሞቅዎታል። ትንፋሽዎን ይያዙ፤ እንዳይንቀሳቀሱ።»

ያዝኩ። አንድ ነገር ከሆዴ ሥር እንደ ፈላ ሻይ ቦለል ብሎ ወረደ። በወገቤ፣ በመቀመጫዬ፣ በጭኖቼ መካከል... እናንተ ሆይ! ምን ልበላችሁ? ሽንቴ አመለጠኝ። ያውም በጠብታ አይደለም፤ የነሐሴ ጎርፍ ነው። የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው፣ ሽማግሌ ተብዬ የሰው ትዳር የማስታርቅ ሰው፣ በሲስተር ጽጌ ፊት! አባቷ ከኔ ባና የገዛ! ትንፋሼን ይዤ በልቤ ሱቄን ሸጥኩ፣ አገር ለቅቄ ወጣሁ፣ ማንም በማያውቀኝ ቦታ ስሜን ቀይሬ መኖር ጀመርኩ።

«መተንፈስ ይችላሉ» አለ።

«ዶክተር፣ ይቅር በሉኝ።»

«ምን ሆኑ?»

«አመለጠኝ።»

«ምኑ?»

«አይጠይቁኝ።»

ሐኪሙ ሳቀ። «አላመለጠዎትም። መድኃኒቱ ነው እንደዚያ የሚያስመስለው። ሁሉም ሰው እንደሸና ነው የሚሰማው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ሲስተር ጽጌ ጎንበስ ብላ አየች። «ደረቅ ነው ጋሼ» አለች።

በሕይወቴ ብዙ ምስክር ሲመሰክር ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያስደሰተኝ የለም።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ረጋ ስል አንድ ነገር ታወቀኝ። ሙቀቱ ግራ እግሬን እስከ ጥፍሬ ድረስ አዳርሶታል። በቀኙ ግን ጭኔ ላይ ደርሶ ቆሟል። ከዚያ በታች ምንም የለም። ሐኪሙ ስክሪኑን ያያል። አንገቴን ሳላነሣ በዓይኔ ጫፍ አየሁት። የደም ሥሬ እንደ ጥቁር ወንዝ ይወርድና ጭኔ መካከል ሲደርስ ቁርጥ ይላል። ከታች ደግሞ ክር ክር የሚያህሉ ነገሮች እዚህም እዚያም አሉ። ወንዙ የለም።

«እዚህ ጋ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «በሽቦ ለማለፍ እንሞክራለን። ካለፈ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ እንከፍተዋለን።»

«ካላለፈስ?»

«መጀመሪያ እንሞክር።»

ሞከረ። አላለፈም። እንደገና ሞከረ። ረዳቱን ሌላ ሽቦ ጠየቀው። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ጨዋታ ሁሉ ቀረ፤ ሲስተር ጽጌም ትከሻዋ አይንቀጠቀጥም። እኔ ስለት ገባሁ። መጀመሪያ ለደብራችን ጊዮርጊስ ሻማ ተሳልኩ። ሽቦው አላለፈም። ጃንጥላ ጨመርኩ። አላለፈም። ለዲያቆናቱ በሙሉ ባና አልኩ። አሁንም የለም። ጊዮርጊስ እንደ ማክሰኞ ገበያ ነጋዴ ዝም ብሎ ዋጋ ያስጨምረኛል። በመጨረሻ «ሲጋራውን እተዋለሁ» አልኩ። ይህንን ያልኩት በልቤ ነው ብዬ ነበር፤ ጮክ ብዬ ኖሯል።

«ይተዋሉ?» አለ ሐኪሙ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

«እተዋለሁ።»

ስለቱ ይሁን እጁ አላውቅም፤ እኔ በሁለቱ መካከል ገብቼ አልዳኝም። «አለፈ!» አለ። ፊኛው ሲነፋ ጭኔን ከውስጥ የሚወጥር ሕመም ተሰማኝ። ጥርሴን ነከስኩ። ሲለቀው ደግሞ ቀለል አለኝ።

«አሁን እንደገና እንለቃለን። ትንፋሽ ይያዙ።»

ያ የፈላ ሻይ ወረደ። ጭኔ ላይ ደረሰ። አለፈ። ጉልበቴን፣ ባቴን፣ ቁርጭምጭሚቴን... አውራ ጣቴ ላይ ሲደርስ ታወቀኝ። ስክሪኑ ላይ ጥቁሩ ወንዝ ሳይቆረጥ እስከ ታች ይወርዳል። እንባዬ በጆሮዬ በኩል ወረደ።

«አመመዎት እንዴ?» አለ ሐኪሙ።

«አይ» አልኩት። «ሞቀኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ ማንም አይነግራችሁም፤ እኔ ልንገራችሁ። ቱቦው ሲወጣ ደም እንዳይፈስ አንድ ጡንቸኛ ጎረምሳ መጥቶ ቡጢውን ብሽሽታችሁ ላይ ያሳርፋል። ለደቂቃ አይምሰላችሁ፤ ክብደቱን ሁሉ አስደግፎ ስለ እግር ኳስ እያወራላችሁ ነው። ከዚያ አልጋችሁ ላይ በጀርባችሁ ተኝታችሁ እግራችሁን ሳታጥፉ፣ ራሳችሁን ሳታነሡ ሰዓታት ትቆያላችሁ። ውኃ በብዛት ጠጡ ይሏችኋል፣ መድኃኒቱ በኩላሊት እንዲወጣ። መነሣት ግን ክልክል ነው። ጠጣ፤ አትነሣ። እንግዲህ አስቡት።

ሽንት መያዣ ሰጡኝ። ጠረጴዛው ላይ ሳልሸና የሸናሁ ሰውዬ፣ አሁን ሽና ሲሉኝ እምቢ አለኝ። ተኝቶ መሽናት ለካ የተረሳ ሙያ ነው። ደብሪቱ ፊቷን አዞረች፤ አልሆነም። ወጣች፤ አልሆነም። ሐጂ ሰይድ ከጎን አልጋ ሆነው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ከንፈራቸውን ሞጥሞጥ አድርገው በቅሎ እንድትሸና የሚፏጨውን ፉጨት ያፏጩልኝ ጀመር። ከባድ ውርደት ነው። ግን ሠራ።

ቀለል ሲለኝ ወደሳቸው ዞርኩ። «ሐጂ፣ ያንን ነገር ለምን አልነገሩኝም?»

«የቱን?»

«የሙቀቱን! የሸናሁ መስሎኝ ልሞት ነበር እኮ!»

ሐጂ ሰይድ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ለኔም ማንም አልነገረኝም» አሉ። «ለምንድነው ለብቻዬ የማፍረው?»

ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ስስቅ ብሽሽቴ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ይዤ ነው፤ ሲስተር ጽጌ «ሲስቁም ሲያስሉም ቦታውን በእጅዎ ይያዙ» ብላኛለች። ደብሪቱ ተመልሳ ስትገባ በዚህ ሁኔታ አገኘችን። ምንም ሳትጠይቅ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ቀኝ እግሬን ያዘችው። ቆየች። ከዚያ ግራውን ያዘች። እንደገና ቀኙን። «እኩል ናቸው» አለች፣ እና ተቀምጣ አለቀሰች። ሐጂ ሰይድ ቀስ ብለው ብርቱካን ዘረጉላት።

ሐኪሙ ሲያሰናብተን አውራ ጣቴ ቀስ በቀስ እንደምትድን፣ ከባድ ነገር ለጊዜው እንዳላነሣ፣ መድኃኒቴን እንዳላቋርጥ፣ በየቀኑ በእግሬ እንድሄድ ነገረኝ። ስለ ሲጋራው ግን ምንም አላለም። ደብሪቱን ብቻ አያት። በቃ።

አገሬ ስገባ ቤቴ እንደገና ሞላ። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የታመመን የጠየቀ ሰው ቁስል ማየት ይፈልጋል። አክስቴ እትዬ አስካለ፣ በዘመድ ሁሉ የተፈሩ ሴትዮ ናቸው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊቴ ተቀመጡ።

«እስቲ የተቀደድክበትን አሳየን።»

«ብዙም አልተቀደድኩ እትዬ። በቀጭን ቱቦ ነው የገቡት።»

«በየት?»

«በ... በላይ በኩል።»

በምርኩዛቸው ጋቢዬን ገለጥ አደረጉት። ቁርጭምጭሚቴን አዩ፤ ምንም የለም። ባቴን አዩ፤ ምንም የለም። «ከዚህም በላይ?»

«ከዚህም በላይ።»

ጉልበቴ ላይ ደረሱ። ጋቢውን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«በሕግ አምላክ!» አልኩ።

«እኮ ጉልበትህም ደህና ነው!» አሉና ወደ ሰው ዞሩ። «እኛ እዚህ ስንጸልይለት እሱ አዲስ አበባ ሲንሸራሸር ሰንብቶ መጣ! ሐኪም የነካው ሰውነት ምልክት የለውም?»

ማጉረምረም ተጀመረ። ደብሪቱ «ኧረ እውነት ነው» ብትል «አንቺማ ሚስቱ ነሽ» አሏት። በዚህ መካከል የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ይዘው ገቡ። እትዬ አስካለ ተነሥተው መስቀል ተሳለሙና ነገሩን አስረዷቸው። «አባ ይዩልንና ይንገሩን። እሳቸው አይዋሹም» አሉ። ሰው ሁሉ «ልክ ነው» አለ።

ምን አደርጋለሁ? አባን ወደ ጓዳ ይዣቸው ገባሁና መጋረጃውን ዘግቼ አሳየኋቸው። ቀዳዳው የመርፌ ያህል ነው። ደሙ ግን ከቆዳዬ ሥር ተሰራጭቶ ብሽሽቴና አካባቢዋ ሁሉ ወይን ጠጅ፣ አረንጓዴና ቢጫ ሆኗል፤ ያውም ተላጭቶ።

«በስመ ሥላሴ!» አሉ አባ። ውጪ ድረስ ተሰማ።

ወጥተው ተቀመጡ። ሻሻቸውን አስተካከሉ። ጠላ ተቀዳላቸው። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«አዩት አባ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«አየሁ።»

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ብርቱ ነገር ነው።»

«የት ጋ ነው ታዲያ?»

አባ ጠላቸውን ጎንጨት አሉ፣ ጢማቸውን ጠረጉ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ልጄ አስካለ» አሉ፣ «በንስሐ የታየ አይወጣም።»